ሁለት ማድ ቤት ያለው ቤት

ደላላው ስለ ቤታችን ለገዢ የሚናገረውን በቃሌ ይዤዋለሁ። «መሐል ከተማ፣ መኪና በሩ ድረስ የሚገባለት፣ ሰፊ ግቢ፣ ዙሪያውን በረንዳ፣ ትልቅ ሳሎን፣ መኝታ ቤቶች፣ ሰርቪስ፣ የራሱ ውኃና መብራት፣ ሁለት ማድ ቤት።» እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርግና፣ «አንደኛው ማድ ቤት ፈርሶ ለኪራይ ሁለት ክፍል ይወጣዋል» ይላል። ሰውየው ሥራውን ያውቃል፤ አልተቀየምኩትም። ነገር ግን ይህን ግቢ ለሚያውቅ የመካነ ሰላም ሰው፣ ቤቱን ቤት ያሰኘው ያ ሁለተኛው ማድ ቤት ነው።

አባዬ እስላም ነበር። ታላቅ እህቱ፣ እኛ እትዬ የምንላት አክስታችን፣ ክርስቲያን ናት። በልጅነቷ ወደ ሳይንት ተድራ፣ በባሏ ሃይማኖት ገብታ፣ ልጆቿን ክርስትና አስነስታ ያሳደገች ሴት ናት። እንዲህ ያለው ቤተሰብ በወሎ፣ በቦረናም፣ በለጋምቦም፣ በወግዲም ብርቅ አይደለም። የአባቱ ስም መሐመድ፣ የእሱ ስም ኃይለ ማርያም የሆነ ሰው በእኛ አገር ማንነቱን አብራራ ተብሎ አይጠየቅም። ዘመድ ዘመድ ነው። የሚለየው ሥጋው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ሁሉም ተስማምቶና ተከባብሮ የለየው ነው።

ስለዚህ አባዬ ቤቱን ሲያሠራ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ በግራና በቀኝ ሁለት ማድ ቤት አቆመ። ሠርግ ሲኖር ሁለት በሬ ይጣላል። አንዱ ወደ ቂብላ ዞሮ «ቢስሚላህ» ይባልበታል፤ ሌላው በማዶው የግቢ ጥግ «በስመ አብ» ይባልበታል። ቢላዋው ለየብቻ፣ ጎላው ለየብቻ፣ ጭልፋው ለየብቻ። እምዬ የእትዬን ማድ ቤት ጭልፋ በስሕተት እንኳ አትነካም ነበር፤ እትዬም የእምዬን። እንጀራው ግን አንድ ነው። ሌሊቱን ሙሉ በሁለቱም ማድ ቤት የተጋገረው እንጀራ እየተቀላቀለ በአንድ ሌማት ይወጣል። ለክርስቲያኑ ጠላ፣ ለእስላሙ ቀሪቦ ይቀርባል፤ ቀሪቦውን ግን ሁሉም ይጠጣዋል። እንግዳው ሳሎን ውስጥ በሁለት ወገን ይቀመጥና መሐል ላይ የሚያስተናግዱት ልጆች እኛው ነን። የትኛው ወጥ ለማን እንደሚሄድ ፊደል ሳንቆጥር ነው የተማርነው። አንድም ቀን ሳህን ተሳስቶ የሄደበትን ሠርግ አላስታውስም።

በረንዳው ደግሞ ከባሕር ነው የመጣው። ይህን ለደላላው ብነግረው ምናልባት ዋጋ ይጨምርበት ይሆናል።

አባዬ በወጣትነቱ፣ ውርጭ ገብሱን መትቶ ባስቀረበት ዓመት፣ አሰብ ወረደ። ከመካነ ሰላም ደሴ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያን ጊዜ ገሚሱ በእግር፣ ገሚሱ በበቅሎ የሚገፋ መንገድ ነበር። ከደሴ በኮምቦልቻ በኩል ባቲ፤ በባቲ ሰኞ ገበያ ከአፋር ግመል ነጂዎች ጋር ተጋፍቶ፣ በጭነት መኪና ላይ ተሰቅሎ ሚሌ፣ ኤሊዳር፣ ማንዳ፣ ቡሬ፣ ከዚያ ቀይ ባሕር። የወሎ ሰው ለአሰብ እንግዳ አልነበረም። በካምፖ ሱዳን ሰፈር በደሴ፣ በቦረና፣ በቃሉ፣ በአምባሰል ሰው ቤት ያላደረ አዲስ መጪ አልነበረም ማለት ይቻላል። አባዬ መጀመሪያ ጨው ሲዝቅ ከረመ፤ ቀጥሎ ሶቪየቶች የነዳጅ ማጣሪያውን ሲሠሩ ድንጋይና ሲሚንቶ ተሸከመ። ማጣሪያው በ1959 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር እሱ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ይማር ነበር። ከዚያ በኋላ ሕይወቱ በኤንትሬ ላይ ሆነ፤ ያቺ አገር ምድሩ «ኤንትሬ» የሚላት ፊያት ተሳቢዋን ጎትታ ከወደብ እስከ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ እስከ አዲስ አበባ ጭነት ታመላልሳለች።

በአሰብ ሰው ከቤቱ ውስጥ አይተኛም። ሙቀቱ አያስተኛም። አልጋ ወደ በረንዳ፣ ወደ ግቢ፣ ወደ ጣሪያ ይወጣል፤ ከባሕር የሚመጣ ነፋስ በሌሊት ትንሽ ሲነካካ ያኔ ዕንቅልፍ ይመጣል። ጣሊያኖቹ ትተውት የሄዱት ቤት ሁሉ ዙሪያውን በረንዳ፣ መስኮቱ ሰፊ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ነበር። አባዬ ገንዘብ አጠራቅሞ በ1963 ዓ.ም. መካነ ሰላም ላይ ቤት ሲጀምር፣ ልቡ የነበረው በዚያ ቤት ላይ ነው። የእኛ አገር ሰው መስኮት የሚያጠበው ብርዱን ፈርቶ ነው፤ ከሁለት ሺህ ስድስት መቶ ሜትር በላይ ያለ ከተማ በጥቅምትና በኅዳር ንጋት ላይ ውርጭ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። እሱ ግን መስኮቱን አሰፋ፤ በረንዳውን ዙሪያውን አዞረው። ጎረቤቶቹ፣ «ይኼ ሰውዬ ለብርዱ ነው በር የከፈተለት» አሉ። እምዬ እስክትሞት ድረስ በክረምት ሳሎኑን በከሰል ማሞቅ አልሆነላትም። በረንዳው ግን ቀን ቀን ፀሐይ ይሞላዋል፤ በርበሬው፣ ጌሾው፣ የተቀቀለው ባቄላ የሚሰጣው እዚያ፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሚያጠናው እዚያ ነበር።

አሰብ ራሷ በሽያጭ የተጀመረች ከተማ መሆኗን ያወቅሁት ከአባዬ ነው። ኋላ በመጽሐፍ አገኘሁት። በ1862 ዓ.ም. ጁሴፔ ሳፔቶ የሚባል፣ ቀድሞ ሚሲዮናዊ የነበረ ጣሊያናዊ፣ ለሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ ብሎ የባሕሩን ዳር መሬት ከአካባቢው የአፋር ሱልጣኖች በማርያ ቴሬዛ ብር ገዛ። የስዊዝ ቦይ የተከፈተው በዚያው ወር ነው። ኩባንያው ከሰል መጫኛ ነው የምፈልገው ይል ነበር። በ1874 ዓ.ም. መሬቱን ለኢጣሊያ መንግሥት አስረከበ፤ ኢጣሊያ በአፍሪካ የያዘችው ሁሉ ከዚያች ቁራጭ ባሕር ዳር ተነሣ። አባዬ ታሪኩን ያወቀው በሾፌሮች ወግ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱን አይናገርም ነበር፤ ግን ሁልጊዜ በአንድ ነገር ይዘጋው ነበር፤ «የሸጡት ሰዎች ገዢው ምን ሊያደርግበት እንደሆነ አልጠየቁም» ይል ነበር። ዛሬ እኛ ልጆቹ ስለ ራሱ ቤት ስንነጋገር ይቺው ንግግር ከመሐላችን አትጠፋም።

የቤቱ ቋሚዎች ጥድ ናቸው። ባሕር ዛፍ ርካሽ ነበር፤ አባዬ ግን ምስጥ የማይደፍረው ጥድ ነው ብሎ ከደንቆሮ ደን ዳርቻ ካሉ ገበሬዎች እያስመረጠ ገዛ። ደንቆሮ ዛሬ የብሔራዊ ፓርክ መሬት ሆኗል፤ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው የሚጠበቅበት። ሽማግሌዎቹ ግን ደኑ ከዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ ጀምሮ የተከበረ ነው ሲሉ ነው ያደግነው፤ ወደ ውስጥ ገብቶ መቁረጥ ነውር ነበር። ጭቃው ጭድ ገብቶበት ሳምንት ያህል ተቦካ፤ የሚረግጡት የሰፈር ጎረምሶች፣ ክፍያቸው ጠላና ቀሪቦ። ማገሩ ተማገረ፣ ምርጊቱ ሁለት ጊዜ ተመረገ፣ ልስኑ በኖራ ወጣ። ቆርቆሮው ከአሰብ በራሱ መኪና እስከ ደሴ፣ ከደሴ በሌላ መኪና መጣ። ኮርኒሱ አቡጀዲ ነበር። ቤቱ እንግዲህ ይህ ነው፤ ግንበኛ የሚያደንቀው ነገር የለውም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ አባዬ ገበያው አጠገብ የሚያከራያት ትንሽ ሱቅ ሄደች። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ስለሚፈቅድ ይህኛው ቀረለት። ስለ ሱቋ ሲያነሣ ሰምቼው አላውቅም።

ስለ 1977 ግን ይናገር ነበር፤ እኔም የራሴ ትዝታ አለኝ። በልጉ ቀረ፣ ክረምቱ ቀረ። ከዓባይ በረሃ በኩል ከቆላው ሰው ወደ ደጋው መውጣት ጀመረ። ደጋውም ባዶ ነበር። በየመንገዱ ተቀምጦ የሚቀር ነበር፤ ያን ለመግለጽ አልሞክርም። በረንዳችን ሞላ። አባዬ ያን ዓመት ቤት አልነበረም፤ ከአሰብ ወደብ የእርዳታ ስንዴ ወደ ወሎ መጋዘኖች ያመላልስ ነበር። ከመላው ዓለም የመጣው እህል በአብዛኛው በአሰብ ነው የገባው፤ መርከቦች ወረፋ ይዘው ከባሕር ላይ ይጠብቁ እንደነበር ይነግረን ነበር። ስንዴውን ኮምቦልቻ አራግፎ ሲያበቃ፣ ከደሞዙ ከደሴ ገበያ አንድ ሁለት ኩንታል ገብስ ይገዛና ወደ መካነ ሰላም በሚሄድ መኪና ይልክልናል። ከጭነቱ አንዲት ጣሳ እንኳ አላነሣም። እምዬ ይህን ለእኛ ስትነግረን ለማመስገን አልነበረም፤ እንዲህ መሆን እንዳለበት እንድናውቅ ነው። ሁለቱም ማድ ቤት ያለ ድግስ በየቀኑ ሲጨሱ ያየሁት ያን ዓመት ብቻ ነው። እትዬ ከሳይንት መጥታ ከእምዬ ጋር ከረመች፤ በአንደኛው ገንፎ፣ በሌላኛው ንፍሮ። ያን ዓመት ሥጋ ስላልነበረ ማድ ቤቶቹን የሚለይ ነገር አልነበረም። ሰው በየትኛውም በኩል ተሰልፎ ይቀበል ነበር።

ሌላው ትዝታዬ 1990 ነው። ሚያዝያ 28 ቀን በባድመ ጦርነቱ ሲጀመር አባዬ ጡረታ ወጥቶ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቅ ነበር፤ ታናሽ ወንድሙ ግን ከነቤተሰቡ አሰብ ነበር። የነዳጅ ማጣሪያው ካንድ ዓመት በፊት ሥራ አቁሟል፤ ወደቡ ግን ኢትዮጵያን ያገለግል ነበር። ጦርነቱ ሲነሣ የኢትዮጵያ ጭነት ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ አሰብ ውስጥ የነበረው ኢትዮጵያዊም የቻለውን ይዞ ወጣ። አጎቴ፣ ሚስቱና ልጆቻቸው፣ ከእነሱም ጋር የጎረቤታቸው ልጆች፣ በአንድ አይሱዙ ላይ ታጭቀው መካነ ሰላም ገቡ። ከያዙት ዕቃ መካከል ቬንትሌተር ነበረበት። ውርጭ በሚጥል አገር ቬንትሌተር! አጎቴ ከመኪናው ላይ ተቀብሎ በሁለት እጁ ይዞት ቆመ፤ የት እንደሚያስቀምጠው ግራ ገባው። ማንም አልሳቀም። እምዬ ተቀብላ ሳሎን ውስጥ ከሬዲዮው አጠገብ አስቀመጠችው፤ ለዓመታት እዚያው ነበር፤ አንድም ቀን ሳይበራ አቧራው ይጠረግለት ነበር።

ልጆቹ አሰብ ተወልደው አሰብ ያደጉ ናቸው። ሹራብ ለብሰው አያውቁም። የመጀመሪያው ምሽት እንደ ልማዳቸው ፍራሽ በረንዳ ላይ አነጠፉ። አባዬ ዝም ብሎ አያቸው፤ እኩለ ሌሊት ሲሆን ጋቢና ባና ይዞ ወጣና አንድ በአንድ ሸፋፍኖ ወደ ውስጥ አስገባቸው። ያን ሌሊት ለእምዬ የነገራትን ዘንድሮ እትዬ ነው የነገረችኝ። በረንዳውን የሠራሁት ለእነዚህ ልጆች ነበር፤ ሳላውቀው ነው እንጂ፣ ብሏት ነበር። የአጎቴ ቤተሰብ እዚያ ቤት ለዓመታት ኖረ። ካምፖ ሱዳን የነበረው ቤታቸው ምን እንደሆነ የነገራቸው የለም። አልሸጡትም፤ አላስረከቡትም፤ በሩን ቆልፈው ወጡ እንጂ።

ከዚያ ወዲህ ወደ ቤታችን የሚገባው ጨው እንኳ ተለወጠ። እናቶች «የአሰብ ጨው» ማለት ትተው ከአፍዴራ የሚመጣውን ለመዱ።

እምዬ ሳሎኑን ታስበው የነበረው ለወዳጃ ነው። ወዳጃ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ዱዓ ነው፤ ግን ዱዓ ብቻ አይደለም። ዕጣኑ ይጨሳል፣ ጫቱ ይቀርባል፣ አቦሉ ይፈላል፤ የታመመ ያለው፣ ልጁ የጠፋበት፣ ከጎረቤቱ የተጣላ፣ ዝናብ የቀረበት ሁሉ ይመጣና ጉዳዩን ይናገራል። ሼሁ ይመርቃሉ፤ ሰው እጁን ዘርግቶ «አሚን» ይላል። እትዬም ከመጣች እዚያው በር አጠገብ ተቀምጣ «አሜን» ትላለች። በልጅነቴ አባዬ መንገድ ላይ በሆነበት ሌሊት ሁሉ ስሙ ይነሣ ነበር፤ ባቲ ዳገት ላይ ፍሬኑ እንዲይዝለት፣ ማንዳ ላይ ሽፍታ እንዳያገኘው። የተጣሉ ሰዎች በዚያ ሳሎን ሲታረቁ አይቻለሁ፤ አንዴ የወሰን ጠብ፣ አንዴ የደም ጉዳይ ጭምር። ሳሎኑ ለምን ያን ያህል ሰፋ ብሎ ለሚጠይቅ ገዢ መልሱ ይኼ ነው።

ዛሬ እዚያ የሚኖር የለም። እምዬ ካረፈች በኋላ ቤቱን የሚጠብቅ ዘመድ አስገባን፤ እሱም ሥራ አግኝቶ ሄደ። ወንድሜ ኮምቦልቻ ነው፤ እኔ አዲስ አበባ ነኝ፤ ታናሽ እህታችን ጅዳ ናት። አባታችን በቀይ ባሕር ወዲህኛው ዳር ሠርቶ ያቆመውን ቤት፣ እሷ ከወዲያኛው ዳር ሆና ጣሪያውን ስታስጠግን ኖራለች። ሰው ቤት ውስጥ እየሠራች የምትልካት ገንዘብ ወደ ቆርቆሮ ስትለወጥ ማየት ለእኔ ይከብደኝ ነበር። የግድግዳው ሥር ረጥቧል፤ ልስኑ በምዕራብ በኩል ተቀርፏል፤ ቋሚዎቹ ግን አልተነኩም፤ አባዬ በጥዱ ነገር ልክ ነበር። መሸጡን ደግፌያለሁ። ቤት ሰው ካልገባበት ይወድቃል፤ ሦስታችንም ተመልሰን የምንገባበት አይደለም። እህቴ ለራሷ የምታስቀምጠው ገንዘብ ሊኖራት ይገባል።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፤ አይለወጥም። ስለዚህ በውላችን ላይ የሚሸጠው ተብሎ የሚጻፈው ቤቱ ነው፤ ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ በረንዳው፣ ሁለቱ ማድ ቤቶች። ገዢው ግን ከእነዚህ አንዱንም አይፈልግም። የሚፈልገው ቦታውን ነው። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በከተማው ግቢ ከከፈተ ወዲህ መምህርም ተማሪም ክፍል ይፈልጋል፤ መሐል ከተማ ያለ ግቢ ተፈላጊ ሆኗል። እናም በወረቀት ላይ የምንሸጥለት ነገር እሱ በመጀመሪያው ወር የሚያፈርሰው ነገር ነው፤ በእርግጥ የሚከፍልበት ነገር ደግሞ በወረቀቱ ላይ የለም። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም፤ በየከተማው አሮጌ ግቢ የሚሸጥ ሁሉ የሚገባበት ነው። ሕጉን አልነቅፍም፤ መሬት እንደ ሸቀጥ ሲቸበቸብ ድሀው ምን እንደሚገጥመው የወሎ ሰው ያውቃል። ነገር ግን ቤትን እንደ ቤት የሚገዛ ሰው እየጠፋ መሆኑ ያሳዝነኛል። አንድ ትውልድ የሠራውን ሌላው እንዲኖርበት የሚያደርግ አንዳች ምክንያት አላስቀረንም።

ገዢው የከተማው ነጋዴ ነው፤ ደግ ሰው ነው። አባዬ ይል እንደነበረው፣ ምን ሊያደርግበት እንደሆነ ጠየቅነው። አልደበቀም፤ «ፔንሲዮን እሠራበታለሁ፤ ቤቱ ይፈርሳል» አለን። እንዲህ ፊት ለፊት በመናገሩ አከበርኩት። ጥዱን ቋሚ ለእኛ እንዲተውልን ለመንነው፤ ፈቀደ። ወንድሜ ኮምቦልቻ ጓሮው ውስጥ ያቆመዋል።

የቀረው አንድ ጉዳይ ነበር። የእትዬ የልጅ ልጅ ታጭታለች። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ሰሞን እየዋሉ ስለሆነ፣ እንደኛ ያለው ቤተሰብ ሠርግ የሚቆርጠው ሁለቱም ጾሞች ወጥተው ፋሲካም ዒድም ካለፈ በኋላ ነው። ደሴ አዳራሽ እንከራይ ያለ ነበር። እትዬ ሰምታ፣ «አዳራሹ ስንት ማድ ቤት አለው?» ብላ ጠየቀች። አንድ ነው። እህቴ በስልክ ከጅዳ፣ «እትዬ አብሽሪ፤ ቤቱ ገና የእኛ ነው» አለቻት።

የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሰው ፊት መመዝገብ አለበት፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲህ ይላል። የእህቴ ውክልና ከጅዳ ቆንስላ ደርሷል፤ የወራሽነት ማረጋገጫውም ወጥቷል። በውሉ ላይ ቀብዱ ዛሬ ተከፍሎ ርክክቡ ከሠርጉ በኋላ እንዲሆን አንድ አንቀጽ አስገባን። ገዢው አንብቦ ፈረመ፤ ፈርሞም፣ «በየትኛው ወገን ነው የምቀመጠው?» ብሎ ጠየቀን። ሙስሊም ነው። በቀኝ በኩል፣ ከአጎቴ ልጆች አጠገብ ቦታ ይዘንለታል።